የደከመ የድሪል ባትሪን እንደ አዲስ መሥራት፦ ከመለካት እስከ መግጠም

ድሪሉ ደህና ነው። ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ማርሹ አይንኳኳም፣ መያዣው አልላላም። ባትሪው ግን ሁለት ብሎን አስሮ ቀጥ ይላል። ብዙ ጥሩ ጥሩ መሣሪያ የሚጣለው በዚህ ምክንያት ነው። አምራቹ የባትሪውን ቅርጽ ቀይሮ አሮጌውን መሥራት ካቆመማ መሣሪያው ሳይበላሽ ሥራ ይፈታል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም በዚያ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ያለው ጥቂት ሴል (እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ትንሽ ባትሪ)፣ ጥቂት የኒኬል ጥብጣብና አንድ ሰርኪት ቦርድ ነው። ይፈታል፣ ይለካል፣ ይቀየራል።

ሥራው ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ መለካት፣ ከዚያ መወሰን፣ መቁረጥ በመጨረሻ። ብዙ ሰው መቁረጫውን አንስቶ ይጀምራል፤ ገንዘቡም ጊዜውም የሚባክነው እዚያ ላይ ነው።

የያዛችሁት የትኛው ዓይነት ነው?

የባትሪውን ጀርባ አንብቡ። ገመድ አልባ መሣሪያዎች ላይ የምታገኙት ከሦስቱ አንዱን ነው፦ ኒኬል ካድሚየም፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ወይም ሊቲየም አዮን። ብላክ ኤንድ ዴከር እ.ኤ.አ. በ1961 ገመድ አልባ ድሪል ለገበያ ሲያቀርብ ውስጡ ኒኬል ካድሚየም ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታትም ገበያውን የያዘው እሱ ነው። ሊቲየም አዮን በሶኒ አማካይነት ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ቢሆንም፣ ወደ ከባድ የእጅ መሣሪያዎች መግባት የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ መሣሪያችሁ የቆየ ከሆነ ኒኬል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ጽሑፉ ከጠፋ ሂሳቡን ሥሩ። የኒኬል ሴል አንዱ 1.2 ቮልት ነው። የሊቲየም ሴል ደግሞ 3.6 ወይም 3.7 ቮልት። 18 ቮልት የሚል የኒኬል ባትሪ ውስጡ 15 ሴል አለው፤ የሊቲየሙ 5 ብቻ። 14.4 ቮልት ከሆነ 12 የኒኬል ወይም 4 የሊቲየም ሴል ነው። «20 ቮልት ማክስ» የሚለው ጽሑፍ አያሳስታችሁ፤ እሱም ያው 5 ሴል ነው። 20 የሚለው ባትሪው ሞልቶ ሥራ ሳይጀምር የሚያሳየውን ቮልት ነው። «12 ቮልት ማክስ» የሚባለውም 3 ሴል ነው።

የሊቲየም ባትሪ ውስጥ ከ5 በላይ ሴል ብታገኙ አትደንግጡ። 10 ሴል ካለ ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ታስረው አምስት ጥንድ ሠርተዋል ማለት ነው። ቮልቱ ያው ነው፤ የሚይዘው ጉልበት ግን እጥፍ ይሆናል። ከዚህ በኋላ «ጥንድ» ስል ይህንን ማለቴ ነው። የእናንተ 5 ሴል ብቻ ከሆነ ጥንድ በሚለው ቦታ አንድ ሴል አስቡ።

ከመክፈታችሁ በፊት

ባትሪው ላይ ቀለበትና ሰዓት አድርጋችሁ አትሥሩ። የአንድ 18 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ሁለት ጫፍ በብረት ከተገናኘ ከ100 አምፔር በላይ ሊያልፍ ይችላል። ቀለበት በዚያ ላይ ቢያርፍ ቀልጦ ጣት ላይ ይጣበቃል። መነጽር አድርጉ። የመቁረጫችሁንና የካቻቢቴያችሁን ብረት ከጫፉ በስተቀር በናስትሮ ጠቅልሉት።

የምትሠሩበት ጠረጴዛ ብረት አይሁን። በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር አጠገባችሁ አይኑር። አንድ ብረት ባልዲ ደረቅ አሸዋ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ አንድ ሴል መጋል ከጀመረ ወደዚያ ጨምራችሁ ወደ ውጭ ማውጣት ትችላላችሁ። የሊቲየም ሴል ሲያፈስ እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ጣፋጭ ዓይነት ሽታ አለው። ያ ሽታ ከመጣ ሥራው ቆመ ማለት ነው፤ መስኮት ክፈቱ፣ ባትሪውን ወደ ውጭ አውጡ። ከነደደ ሙቀቱን ለማውረድ ብዙ ውኃ ያስፈልጋል፤ ጭሱ ግን መርዛማ ስለሆነ ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ለማጥፋት ከመታገል መውጣቱ ይቀድማል።

ውኃ የገባበትን፣ ከከፍታ ላይ ወድቆ የተሰነጠቀውን፣ ሴሉ የተጨፈለቀውን ባትሪ ደግሞ አትጠግኑት።

መክፈት

ሳጥኑ ብዙውን ጊዜ በ4 ብሎን ነው የታሰረው። የብሎኖቹ ራስ ባለ ስድስት ጥርስ ኮከብ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ መሃሉ ላይ ትንሽ ጉጥ አለው። ለእሱ ጫፉ የተቦረቦረ ካቻቢቴ ያስፈልጋል። አንዱ ብሎን ጠፋ ካላችሁ ከተለጣፊው ጽሑፍ ሥር ወይም ከትንሽ ፕላስቲክ ክዳን ሥር ፈልጉት። በግድ አትፈልቅቁት።

ሲከፈት ከምንም በፊት ፎቶ አንሱ፤ ከላይ፣ ከታች፣ ከአራቱም ጎን። የትኛው ሴል ፖዘቲቩን ወዴት እንዳዞረ፣ ቀጫጭኖቹ ገመዶች ከየት ተነስተው የት እንደሚገቡ፣ የሙቀት መለኪያው የትኛው ሴል ላይ እንደተለጠፈ በግልጽ ይታይ። ሥራው መሃል ስትደርሱ ከማስታወስ ይልቅ ፎቶው ያድናችኋል።

መለካት፦ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነው

ቀላል መልቲሜትር ይበቃል። የዲሲ ቮልት ላይ አድርጉትና እያንዳንዱን ጥንድ ለየብቻው ለኩ። ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፉ።

አንድ የሊቲየም ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ባዶ የሚባለው ከ2.5 እስከ 3 ቮልት ሲደርስ ነው። አሁን የጻፋችሁትን ተመልከቱ። አምስቱም 3.5 አካባቢ ከሆኑና ተቀራራቢ ከሆኑ ሴሎቹ ላይ ገና አትፍረዱ፤ ችግሩ ቦርዱ ወይም ቻርጀሩ ሊሆን ይችላል። አራቱ 3.6 ሆነው አንዱ 2.3 ከሆነ ቻርጀሩ ለምን ቀይ መብራት እያበራ እምቢ እንዳለ ገባችሁ ማለት ነው። ይሄ በጣም የሚያጋጥም ነገር ነው። በአንዳንድ ባትሪዎች ቦርዱ ለራሱ የሚሆነውን ጥቂት ኃይል የሚወስደው ከአንዱ ጥንድ ብቻ ስለሆነ፣ ባትሪው ለወራት ሳይነካ ከቆየ ያ ጥንድ ከሌሎቹ ቀድሞ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሴሉ ላይሞት ይችላል፤ ወደ ኋላ ስለቀረ ብቻ ነው።

እንዲህ ዓይነቱን ማትረፍ ይቻላል። ቮልቱ ከ2 በላይ ከሆነ ያንን ጥንድ ብቻ ለሊቲየም በተሠራ ባለ አንድ ሴል ቻርጀር ቀስ አድርጋችሁ ሙሉ። እስከ 3 ቮልት ድረስ 100 ሚሊአምፔር ገደማ ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ መጨመር ይቻላል። በየመሃሉ በእጅ ዳብሱት። ለብ ካለ አቁሙ። ከሌሎቹ ጋር እኩል ሲሆን ነቅላችሁ ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት፤ ከዚያ እንደገና ለኩ። ከቦርዱ ድርሻ በላይ እየወረደ ከሄደ ውስጡ ተበላሽቷል።

ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የሰነበተ የሊቲየም ሴል ግን አይሞላ። ውስጡ ካርቦኑን የተሸከመ ቀጭን የመዳብ ቅጠል አለ። ቮልቱ በጣም ሲወርድ መዳቡ ይሟሟል፤ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ወደማይገባው ቦታ ሄዶ ይጋገራል። ያ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ይፈጥራል። ዛሬ የሞላ መስሎ ነገ ቻርጀር ላይ ሊነድ ይችላል። በኢንተርኔት ላይ ከመኪና ባትሪ ገመድ ስበው «ሲያስነሱት» ታያላችሁ። አታድርጉት።

ቮልት ብቻውን ግን ሙሉ እውነቱን አይናገርም። የደከመ ሴል ሥራ ሳይሰጠው 4.1 ቮልት ያሳያል፤ ጭነት ሲመጣ ነው የሚታወቀው። ለዚህ አንድ 1 ኦም፣ 25 ዋት የሆነ ሬዚስተር አዘጋጁ። የሞላውን ሴል ቮልት ለኩ፣ ሬዚስተሩን ለአምስት ሰከንድ ያህል በሁለቱ ጫፍ አገናኙ፣ እንደተገናኘም ሴሉ ላይ እንደገና ለኩ። ሬዚስተሩ ወደ 4 አምፔር ይስባል፤ ቶሎ ስለሚግል በባዶ እጅ አትያዙት። ከ4.10 ወደ 4.02 ከወረደ የውስጥ ተቃውሞው (ሴሉ ራሱ ከረንቱን የሚገታበት መጠን) 20 ሚሊኦም ገደማ ነው፤ ጎበዝ ሴል ነው። ወደ 3.80 ከወረደ 80 ሚሊኦም ሊደርስ ነው። ያ ሴል ለእጅ ባትሪ መብራት ይሆን ይሆናል እንጂ ለድሪል አይሆንም። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ የወረደውን ቮልት በተሳበው አምፔር አካፍሉ። የተጣመሩ ሴሎችን አንድ ላይ ከለካችሁ ቁጥሩ በግማሽ ያነሰ እንደሚሆን አስቡ።

አንዱን ብቻ ልቀይር?

ይሄ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። አራቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ሞቷል፤ አንዱን ብቻ ብቀይርስ?

መልሴ አይሆንም ነው። በተከታታይ የታሰሩ ሴሎች ውስጥ ያው አንድ ከረንት ያልፋል። አዲሱ 3 አምፔር ሰዓት ይዞ አሮጌዎቹ 1.5 ብቻ የሚይዙ ከሆነ፣ ባትሪው የሚሠራው በ1.5 ነው። ጎበዝ በሬ ከደካማ ጋር ሲጠመድ እርሻው በደካማው እርምጃ እንደሚሄድ ማለት ነው። የአዲሱ ትርፍ ጉልበት አይወጣም። ደካሞቹ ደግሞ በየዙሩ እስከ ጥግ ስለሚታለቡ ፈጥነው ይሞታሉ። ጥቂት ወራት ቆይታችሁ ያንኑ ሳጥን ትከፍታላችሁ።

አንድ ለየት የሚል ሁኔታ አለ። ባትሪው ገና አዲስ ሆኖ አንድ ሴል በአጋጣሚ ከተበላሸና በዕድሜ፣ በሞዴልና በአቅም ተመሳሳይ ሴል ካላችሁ ይሠራል። ሁለት አንድ ዓይነት አሮጌ ባትሪ ኖሯችሁ ከሁለቱ ደህናዎቹን መርጣችሁ አንድ መሥራትም ያስኬዳል። ከዚህ ውጭ ሁሉንም ቀይሩ።

አምራቹ ባትሪውን አሁንም የሚሠራው ከሆነና ዋጋው ከሴሎቹ ብዙ ካልራቀ ደግሞ አዲሱን ግዙት። እንደገና መሥራት የሚያዋጣው ባትሪው ሲጠፋ፣ ሲወደድ ወይም ስፖት ዌልደር (ጥብጣቡን ሴሉ ላይ በነጥብ የሚበይድ መሣሪያ) አስቀድሞ በእጃችሁ ሲኖር ነው።

ሴል መምረጥ

ሰው ሁሉ የሚያየው ሚሊአምፔር ሰዓቱን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው አምፔሩን ነው። ሚሊአምፔር ሰዓት ሴሉ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል፤ አምፔሩ ደግሞ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መስጠት እንደሚችል። ከባድ ሥራ ላይ ያለ 18 ቮልት ድሪል 20 እና 30 አምፔር በቀላሉ ይስባል። የብረት መቁረጫ ግራይንደር ከዚያም ይብሳል።

ላፕቶፕ ውስጥ የሚገኙት ሴሎች ለዚህ አልተሠሩም። ሳምሰንግ 35ኢ ለምሳሌ 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ ያለማቋረጥ መስጠት የሚችለው ግን 8 አምፔር ነው። ሳምሰንግ 25አር የሚይዘው 2500 ብቻ ነው፣ ግን 20 አምፔር ይሰጣል። ለድሪል የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ኤልጂ ኤችጂ2 በ3000 ሚሊአምፔር ሰዓት 20 አምፔር ይሰጣል። ሞሊሴል ፒ26ኤ በ2600 ሚሊአምፔር ሰዓት እስከ 35 አምፔር ይደርሳል፤ ባትሪው 5 ሴል ብቻ ከሆነና መሣሪያው ጉልበት የሚበላ ከሆነ እኔ ይህንን እመርጣለሁ። 10 ሴል ካለ ግን ጭነቱ ለሁለት ስለሚከፈል 20 አምፔር ያለው ይበቃል።

መጠኑንም አረጋግጡ። 18650 የሚባለው ሴል 18 ሚሊሜትር ውፍረትና 65 ሚሊሜትር ርዝመት አለው። 21700 ደግሞ 21 በ70 ነው። 21700 በ18650 ቦታ አይገባም። ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ግዙ፤ ጉጥ ያለው ለእጅ ባትሪ ነው እንጂ ለብየዳ አይመችም።

የውሸት ሴል ብዙ ነው። 18650 ላይ «9900» ተጽፎ ካያችሁ ተዉት፤ የታወቁ አምራቾች የሚሠሯቸው አብዛኞቹ 3600 አካባቢ ያበቃሉ። ክብደትም ይናገራል። ደህና 18650 ሴል ከ44 እስከ 49 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 30 ግራም የሚመዝን ከመጣላችሁ ውስጡ የተባለው የለም። ሁሉንም ከአንድ ሻጭ፣ በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ምርት ግዙ። ሲደርሱ እያንዳንዱን ለኩ። ቮልታቸው እርስ በርስ ከ0.02 በላይ መለያየት የለበትም። ከተለያየ ለየብቻ ወደ አንድ ቮልት አምጧቸው።

በዚህ ላይ ጥብቅ የምሆንበት ምክንያት አለኝ። ብዙ የመሣሪያ ባትሪዎች ቦርድ ሴሎቹን ይከታተላል እንጂ እኩል አያደርጋቸውም። ስትገጥሙ ተለያይተው ከገቡ ተለያይተው ይኖራሉ።

መቁረጥና መበየድ

ከመቁረጣችሁ በፊት የባትሪውን ሞዴል ጠቅሳችሁ አንድ ነገር አጣሩ፦ ቦርዱ ይቆለፋል ወይ? አንዳንድ ቦርዶች ሴሎቹ በሙሉ ሲነቀሉ ወይም ብልሽት በተደጋጋሚ ሲመዘግቡ ራሳቸውን ለዘለቄታው ይዘጋሉ። አዲስ ሴል ብትገጥሙም ቻርጀሩ እምቢ ይላል። ለታወቁ ሞዴሎች ባዶ ሳጥን ከነቦርዱ ለብቻው ይሸጣል፤ ባትሪያችሁ ከዚህ ወገን ከሆነ እሱን ገዝቶ ሴል መሙላት ይቀላል።

ቦርዱን ስታላቅቁ መጀመሪያ የቀጫጭኖቹን ገመዶች ግንኙነት ቁረጡ፣ አንድ በአንድ፤ ሁለት ገመድ በአንድ መቁረጫ አፍ ውስጥ አይግባ። የተቆረጠውን ጫፍ ወዲያው በናስትሮ ሸፍኑ። ከዚያ ዋናዎቹ ይቀጥላሉ። የሙቀት መለኪያውን በጥንቃቄ ንቀሉት፤ እንደ ፍሬ ቃሪያ ዘር ትንሽ ብትሆንም ያለ እሷ ቻርጀሩ አይሠራም።

አሁን ብየዳው። በቀጥታ ሴል ላይ በሶልደር አትሥሩ። ሊዱን ለማቅለጥ የሚበቃው ሙቀት ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ መለያና የጫፉን ማሸጊያ ይጎዳል፤ ጉዳቱም ወዲያው አይታይም። ስፖት ዌልደር ግን በሺኛ ሰከንዶች ስለሚጨርስ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። ትንንሽ በእጅ የሚያዙ ስፖት ዌልደሮች አሉ፤ ለአንድ ባትሪ ብቻ መግዛት ከከበዳችሁ ጥብጣብ አስቀድሞ የተበየደባቸውን ሴሎች ግዙ። ጥብጣብ ከጥብጣብ ጋር በሶልደር ማያያዝ ይቻላል።

የኒኬል ጥብጣቡ 0.15 ሚሊሜትር ውፍረትና 8 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ለድሪል ድርብ አድርጉት። ንጹሕ ኒኬል መሆኑን አረጋግጡ፤ ኒኬል የተቀባ ብረት በርካሽ ይሸጣል፣ ግን ከረንት በደንብ ስለማያሳልፍ ይግላል። ለመለየት አንድ ቁራጭ በምስማር ጫር ጫር አድርጉና ጨው ባለው ውኃ ውስጥ አሳድሩት። ዝገት ካወጣ ብረት ነው።

ከመበየዳችሁ በፊት ብዙዎች የሚዘሉትን አንድ ነገር አድርጉ። በእያንዳንዱ ሴል ፖዘቲቭ ጫፍ ላይ ክብ የማገጃ ወረቀት ለጥፉ። የ18650 ሴል ገላው በሙሉ ነጌቲቭ ነው፤ እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ፣ ከፖዘቲቩ ጥቂት ሚሊሜትር እስኪቀር። የሚለያቸው ያ ቀጭን ፕላስቲክ ልብስ ነው። ድሪል ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፤ ጥብጣቡ ልብሱን ከበላው ቀጥታ ሾርት ነው። ይህ ወረቀት ርካሽ ነው፣ ከሁሉም በላይ የሚያድናችሁ ግን እሱ ነው።

ሴሎቹን በሳጥኑ የውስጥ መያዣ ውስጥ እንደ ፎቶው ደርድሩ። ፖዘቲቭና ነጌቲቩን አንድ ጊዜ ተመልከቱ፣ ተነስታችሁ ውኃ ጠጡና ተመልሳችሁ እንደገና ተመልከቱ። ከዚያ ጥብጣቡን አስቀምጣችሁ በያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በይዱ፤ አራት ነጥብ ይሆናል። ስድስት ቢሆን ይሻላል። የብየዳውን ኃይል በአሮጌዎቹ ሴሎች ላይ ሞክሩ እንጂ በአዲሶቹ አትማሩ፤ አሮጌዎቹ ግን ባዶ ይሁኑ። ጥሩ ብየዳ በፒንሳ ስትስቡት ጥብጣቡ ይቀደዳል እንጂ ነጥቡ አይለቅም። በቀላሉ ከተላጠ ኃይሉን ጨምሩ። ከበሳው ቀንሱ።

ቦርዱን መመለስ

ከነጌቲቩ ጀምሩ። ዋናውን ነጌቲቭ አያይዙ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያውን ጥንድ ገመድ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያላችሁ በቅደም ተከተል ወደ ላይ ውጡ፤ ፖዘቲቩ ይጨርሳል። ቅደም ተከተሉ ከተዘበራረቀ ቦርዱ ያልጠበቀው ቮልት ይደርሰውና ሊቃጠል ይችላል።

ቦርዱ መሰኪያ ካለው ሥራው ይቀላል። ገመዶቹን ሁሉ ከሴሎቹ ጋር ጨርሱ፣ መሰኪያውን ግን አትሰኩ። የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ ዋናው ነጌቲቭ ላይ አድርጋችሁ በቀዩ የመሰኪያውን ቀዳዳዎች በየተራ ለኩ። ሴሎቹ 3.6 ላይ ከሆኑ 3.6፣ 7.2፣ 10.8፣ 14.4፣ 18 እያለ ደረጃ በደረጃ መውጣት አለበት። አንዱ ደረጃ ከዘለለ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ ገመድ ተለዋውጧል። አስተካክላችሁ እንደገና ለክታችሁ ነው የምትሰኩት።

የሙቀት መለኪያውን ወደ ነበረበት ሴል መልሱት። በሲሊኮን ወይም ሙቀት በሚችል ቢጫ ቴፕ ገላው ላይ በደንብ ይጣበቅ። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ባትሪው እየጋለ ቻርጀሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያስባል። ገመድ የሚያልፍበት ሹል ጠርዝ ካለ ሸፍኑት። ሳጥኑን ስትዘጉ ከተቃወማችሁ የሆነ ነገር ተቆንጥጧል፤ ክፈቱና ፈልጉ።

የመጀመሪያው ቻርጅ

ሳጥኑን በብሎን ከማሰራችሁ በፊት ይሁን። አጠገቡ ሁኑ፤ ሌሊት ሰክታችሁ የምትተኙለት ነገር አይደለም። በየአሥር ደቂቃው ጥንዶቹን ለኩ። አብረው መውጣት አለባቸው። ሲሞላ እያንዳንዱ ከ4.15 እስከ 4.20 መሃል፣ ጠቅላላው 21 ቮልት ገደማ ይሆናል። በመሃላቸው ያለው ልዩነት ከ0.05 ካልበለጠ ጥሩ ነው። አንዱ 4.2ን ካለፈና ቻርጀሩ ካላቆመ ወዲያው ንቀሉ።

ቀጥሎ ድሪሉ ላይ ሰክታችሁ ቀለል ያለ ሥራ ሥሩበት፣ ከዚያ ጠንከር ያለ። ሴሎቹንና ብየዳዎቹን ዳብሱ። አንድ ነጥብ ብቻ ከሌላው ለይቶ ከጋለ እዚያ ያለው ብየዳ ደካማ ነው። ባትሪው ግማሽ ሲደርስ እንደገና ለኩና ቁጥሩን ከቀኑ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ጻፉበት።

ባትሪው ኒኬል ከሆነ

የኒኬሉ ነገር ከፊሉ ይቀላል፣ ከፊሉ ይከብዳል። ሴሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሰብ ሲ የሚባሉት ናቸው፤ 22 ወይም 23 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 43 ገደማ ርዝመት። ቦርድ የላቸውም፤ የሙቀት መለኪያ ወይም ሲግል ከረንቱን የሚያቋርጥ ማብሪያ ብቻ ነው ያለው። ጥብጣብ የተበየደባቸው ሴሎች በቀላሉ ይገኛሉ። ስትለኩ 0 ቮልት የሚያሳየው ሴል ውስጡ ሾርት አድርጓል፤ በውስጡ ቀጫጭን የብረት መርፌዎች በቅለው ሁለቱን ወገን አገናኝተዋል። በከባድ ከረንት ማቃጠል የሚባል ዘዴ አለ፤ ለጥቂት ቀን ይነሳል፣ መርፌው ተመልሶ ይበቅላል። ነጭ ዱቄት ካያችሁ በጓንት ያዙት፤ ቆዳ የሚያቃጥል ነው። ካድሚየሙ ራሱ መርዝ ስለሆነ ሴሉን ፈጽሞ አትክፈቱት። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ዓይነት የመሣሪያ ባትሪ አዲስ ለገበያ እንዳይቀርብ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ የተከለከለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በካድሚየሙ ምትክ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ መግጠም ይቻላል፤ ቮልታቸው አንድ ነው። ችግሩ ቻርጀሩ ላይ ነው። የድሮ ፈጣን ቻርጀር ባትሪው መሙላቱን የሚያውቀው ጫፍ ላይ ቮልቱ ትንሽ ዝቅ ሲል ነው፤ በሃይድራይድ ይህ ዝቅታ በጣም ትንሽ ስለሆነ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያው የግድ መመለስ አለበት፤ ባትሪው በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ከጋለ ደግሞ ለሃይድራይድ የተሠራ ቻርጀር ፈልጉ። የመጀመሪያው ቻርጅ ቀርፋፋ ይሁን። ለ2000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሴል 200 ሚሊአምፔር፣ ከ14 እስከ 16 ሰዓት። ይህ ሴሎቹን እኩል ያደርሳቸዋል።

ወደ ሊቲየም መቀየር የሚፈልግም አለ፤ ለ18 እና ለ14.4 ቮልት መሣሪያ ይመቻል። 15 የኒኬል ሴል ሲሞላ 21 ቮልት ገደማ ነው፣ 5 ሊቲየምም 21። 12 የኒኬል ሴል 16.8 ነው፣ 4 ሊቲየምም 16.8። ሞተሩ ልዩነቱ አይታወቀውም። ሁለት ነገር ግን ግዴታ ነው። አንደኛ፣ የድሮ መሣሪያ ሊቲየም ከመጠን በላይ ሲወርድ ማቆም አያውቅም፤ ስለዚህ ቢያንስ 30 አምፔር የሚችል፣ ሲሞላም ሲጎድልም የሚቆርጥ ቢኤምኤስ (ሴሎቹን የሚጠብቅ ቦርድ) ይገባል። ሁለተኛ፣ የድሮው ቻርጀር ከዚያ ባትሪ ጋር ዳግም አይገናኝም። ሊቲየሙን ሊያፈነዳው ይችላል። የቻርጅ መግቢያውን ቀይሩና ለ5 ሴል የተሠራ ባለ 21 ቮልት የሊቲየም ቻርጀር፣ ለ4 ሴል ደግሞ ባለ 16.8 ቮልት ተጠቀሙ። በቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ የድሮውን ቻርጀር ከአጠገቡ አርቁት፤ ሳጥኑም ላይ በትልቁ «ሊቲየም» ብላችሁ ጻፉ።

ማስቀመጥና ማስወገድ

የሊቲየም ባትሪ ለወራት የማትነኩት ከሆነ ግማሽ ገደማ ሞልታችሁ፣ አንዱ ሴል 3.7 ወይም 3.8 ላይ እያለ፣ ከመሣሪያው ነቅላችሁ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ሞልቶም ባዶ ሆኖም መቀመጥ ይጎዳዋል። ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉ። ከከባድ ሥራ እንደወጣ ትኩስ እያለም አትሰኩት፤ እስኪበርድ ጠብቁ።

የወጡትን አሮጌ ሴሎች አንድ ላይ በከረጢት አትወርውሩ። እያንዳንዱን ሁለት ጫፉን በናስትሮ ሸፍኑ፣ ክዳኑ ልል በሆነ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከቤት ውጭ ጥላ ቦታ አቆዩና ባትሪ ለሚሰበስብ ተቋም ስጡ። ሲለኩ ደህና የወጡት ካሉ ለይታችሁ ያዙ፤ ለድሪል ባይሆኑም 2 ወይም 3 አምፔር ለማይሞላ ሥራ፣ ለመብራት ወይም ለትንሽ ሬዲዮ፣ መከላከያ ቦርድ አድርጋችሁ ትጠቀሙባቸዋላችሁ።